ለምልክት የተተወ ስፍራ

ከአዲስ ዘመን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚያቀናውን መንገድ የያዘ ሰው እብናት ይገባል። በስተሰሜን በለሳ፥ በስተምዕራብ ሊቦ ከምከም፥ በስተደቡብ ፋርጣና ላይ ጋይንት ያዋስኗታል። በዚህች ከተማ ያደገ አንድ ወጣት፥ ሞያው ገጽ ማሰናዳት ነበርና፥ ከ13 እስከ 19 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆን አንድ የሙዚቃ መጽሔት ለማውጣት አሰበ። ገጽ ማሰናዳት ማለት ሌላ ሰው የጻፈውን በኮምፒዩተር አሰልፎ፥ አርእስቱን ከሐተታው ለይቶ፥ ሥዕሉን በየስፍራው አኑሮ ለማተሚያ ቤት ማስረከብ ነው። ሥራው ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የአንዱን ቃል ታላቅነት፥ የሌላውን ታናሽነት የሚወስነው ይህ ሰው ነው። ጸሐፊው ያከበረውን በደቃቅ ፊደል ሊያዋርደው፥ ጸሐፊው ያቃለለውንም በቀይ ቀለም ሊያነግሠው ይችላል።

ወጣቱን ለዚህ አሳብ ያነሣሣችው ታናሽ እኅቱ ናት። ልጅቱ በስልኳ የምትሰማው ዘፈን ቍጥር የለውም፤ የሕንዱንም፥ የኮርያውንም፥ የአዲስ አበባውንም አጥርታ ታውቃለች። አንድ ቀን ግን ጎረቤት ሠርግ ሆኖ አዝማሪው ማሲንቆውን ሲገዘግዝ ወንድሟ፥ «ይህ ከአራቱ ቅኝት የትኛው ነው? ትዝታ ነውን? ባቲ ነውን? አምባሰል ነውን? ወይስ አንቺ ሆዬ?» ብሎ ቢጠይቃት መልስ አጣች። አፍራ ግን አልቀረችም። «ማን ነገረኝ? የትስ ተጽፎ አየሁት?» አለችው። የጠየቀ እርሱ ነበር፤ የተጠየቀም እርሱ ሆኖ ተመለሰ።

እንደ ሞያው ልማድም አስቀድሞ ሌሎች የሠሩትን መመልከት ጀመረ። በጀርመን አገር «ብራቮ» የሚባለው የወጣቶች መጽሔት በ1956 እ.ኤ.አ. ተመሥርቷል። በብሪታንያ ደግሞ «ስማሽ ሂትስ» የተባለው በ1978 እ.ኤ.አ. ወጥቶ እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ድረስ ሲታተም ኖሯል። በሽፋኑ ላይ የዘፋኙ ፊት ገጹን ሞልቶ ይታያል፤ ከመካከሉም ተገንጥሎ በግድግዳ የሚለጠፍ ሥዕል ይገኛል። አንባቢ ይህን ሰምቶ የፈረንጅ ልጆች ቧልት ነው ብሎ እንዳይንቀው፥ «ስማሽ ሂትስ» ከሌሎቹ ተለይቶ የታወቀበት ነገር ሌላ ነው፤ ይኸውም በጊዜው የተወደደውን ዘፈን ግጥም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አትሞ ማቅረቡ ነው። ልጁ በጆሮው ሰምቶ በከፊል ያመለጠውን ቃል በዓይኑ አግኝቶ ያስቀረዋልና ትልቅ ዘዴ ነው። የዘፋኞቹንም ትዕቢት በቀልድ ማብረድ ያውቁበት ነበር፤ ይህም ለልጆች መልካም ነገር ነው።

ወጣቱ የመጀመሪያውን ረቂቅ በ16 ገጽ አሰናዳ። 11 ዘፈኖች፥ ስለ ቅኝት የሚናገር አንድ ትምህርት፥ የሚገነጠል ሥዕል፥ እንቆቅልሽም አገባበት። የሁሉ ራስ ያደረገው ሐተታ ግን «እብናትና የዓለም ሙዚቃ» የሚል ነበር። ለሽፋኑም በዚያው ነገር ከድሮ ጋዜጣ የተገኘ አንድ ፎቶግራፍ መረጠ፤ አንዲት ልጅ በነጠላ ተጠቅልላ፥ ዓይኗን አፍጥጣ ወደ ተመልካቹ ታያለች። ከራሷም በላይ የመጽሔቱን ስም በትልልቅ ፊደል ጻፈበት። በእውነቱ ለሞያተኛ ዓይን ያማረ ነበር።

የሐተታው ታሪክ ይህ ነው። በ1977 ዓ.ም. ራብ ወሎን፥ ትግራይንና የበጌምድርን ምሥራቅ ባጠፋ ጊዜ፥ በጥቅምት ወር የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የቆረምን መከራ ለዓለም አሳየ። ቦብ ጌልዶፍ የተባለው የአየርላንድ ዘፋኝ ይህን አይቶ፥ ከጓደኛው ከሚጅ ዩር ጋር አንድ መዝሙር ደርሶ፥ በጊዜው ስመ ጥር የነበሩትን ዘፋኞች በአንድ ላይ አሰባስቦ በኅዳር ወር በሸክላ አስቀዳ። የመዝሙሩ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ገና መሆኑን ያውቃሉን?» ይላል። በብሪታንያ ብቻ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ታላቅ የዘፈን ጉባኤ በአንድ ቀን በለንደንና በፊላደልፊያ ተደረገ። የወጣቶቹ የሙዚቃ መጽሔቶች ሁሉ በዚህ ወሬ ተሞሉ።

እብናትም ከዚህ ታሪክ ውስጥ ናት። በከተማዋ አጠገብ ትልቅ የርዳታ መጠለያ ተተክሎ፥ በብዙ ዐሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ሰፍሮበት ነበር። በሚያዝያ ወር 1977 ዓ.ም. ያ ሕዝብ በወታደር ተገፍቶ ወደ መጣበት እንዲሄድ ተደረገ፤ ጎጆዎቹም በእሳት ተቃጠሉ። ወሬው ወዲያው በዓለም ጋዜጦች ወጣ። የዘፈኑ ገንዘብ ስንቱን ነፍስ እንዳተረፈ የሚክድ ሰው ውለታ ቢስ ነው። ነገር ግን የመዝሙሩን ስም የላስታ ካህን ቢሰማው ምን ይላል? ከእብናት በስተምሥራቅ በላሊበላ፥ ታኅሣሥ 29 ቀን ካህናቱ በሁለት ወገን ቆመው «ቤዛ ኵሉ» እያሉ ሲያሸበሽቡ ስንት ምዕት ዓመት ሆኗቸዋል? ጠያቂዎቹ በቅንነት ጠየቁ፤ ያላወቁት ግን የተጠየቁት ሰዎች የራሳቸው ዜማ እንዳላቸው ነው።

ወጣቱ ይህን ሁሉ አምሮ ጽፎት ሳለ ሽፋኑን ለእናቱ አሳያት። እናቱ በዚያ ዘመን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከበለሳ ወገን ከቤተ ሰቧ ጋር ተሰድዳ በዚያ መጠለያ ሰፍራለች። ማንበብ የተማረችው ኋላ በመሠረተ ትምህርት ነውና ፊደሉን ቀስ ብላ ትለቅማለች። ሥዕሉን ብዙ ጊዜ ተመለከተችው።

«ይህች ልጅ ስሟ ማን ነው?» አለችው።

ልጅዋም ከሥዕሉ በታች የተጻፈውን ፈለገ። የፎቶ አንሺው ስም አለ፤ የወሬ ድርጅቱም ስም አለ፤ ዓመቱም አለ። የልጅቱ ስም ግን የለም። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ገጽ ደግሞ በሸክላው ላይ የዘፈኑት ሁሉ፥ ከፊት የቆመውም ከኋላ ያጀበውም፥ በየስማቸው ተዘርዝረዋል።

«እማዬ፥ ስሟ አልተጻፈም» አላት።

«እኛም እኮ ያኔ ስም ነበረን» አለችና ወረቀቱን መልሳ ሰጠችው። ሌላ ቃል አልተናገረችም፤ ቡናዋን ልትቈላ ተነሣች። ቡናው ሁለተኛው ሲደርስ ግን በመጠለያው ሳሉ ሌሊት ሌሊት አንድ ሽማግሌ ደብተራ በድንኳኑ ጥግ መቋሚያ እንኳ ሳይኖረው በባዶ እጁ ማሕሌት ይቆም እንደ ነበር፥ ልጆችም በጨለማው ውስጥ ድምፁን እየሰሙ ይተኙ እንደ ነበር አወራችለት። ወጣቱ ይህን ከዚያ ቀን በፊት ሰምቶት አያውቅም።

ሥዕሉን ከሽፋኑ አወጣው። ምን እንደሚተካበት ግን አላወቀምና ሽፋኑ አንድ ወር ያህል ባዶውን ቈየ።

የእናቱ ታላቅ ወንድም የድጓ መምህር ናቸው። በ1977 ዓ.ም. የዐሥራ አምስት ዓመት የቆሎ ተማሪ ሆነው በጋይንት ቤተልሔም ድጓ ይማሩ ነበር። ይህን ማሰብ ይገባል። በዚያው ዓመት የለንደን ልጅ የዘፈን ግጥም ከመጽሔት ገንጥሎ ሲያጠና፥ በጋይንትም በእኩያው ዕድሜ ያለ ልጅ በእሳት ብርሃን የዜማ መጽሐፍ ያጠና ነበር። ለጎረምሳ የሚሆን የሙዚቃ ጽሑፍ በዚህ አገር አዲስ ነገር ነው ማለት እንግዲህ ስሕተት ነው። ቤተልሔም ለድጓ፥ ዙር አባ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው የኖሩት በዚሁ በደቡብ ጎንደር ደጋ ነው፤ ወደዚያም በእግራቸው የሚሄዱት አብዛኞቹ ጢም ያላወጡ ልጆች ነበሩ።

ወጣቱ በልጅነቱ ከእኚህ አጎቱ ጥቂት ጊዜ ጾመ ድጓ ጀምሮ ትቶት ነበርና እስከ ዛሬ «የኔታ» እያለ ይጠራቸዋል። ረቂቁን ወስዶ አሳያቸው። መነጽራቸውን አድርገው የዘፈኖቹን ገጽ ወደ ዓይናቸው አስጠጉና፥

«ምልክቱ በየት በኩል ይገባል?» አሉት።

«የምን ምልክት፥ የኔታ?»

«የዜማው ነዋ። መሥመሩን እንዲህ አጣብቀኸው፥ ዜማው የሚቀመጥበትን አላየሁትም። ይህ ንባብ ነው እንጂ ዜማ አይደለም።»

ከዚያም ተነሥተው ድጓቸውን ከማኅደሩ አወጡና ዘረጉለት። ወጣቱ ያን መጽሐፍ በልጅነቱ ብዙ ጊዜ አይቶታል፤ በገጽ አሰናጅ ዓይን ግን ያየው ያን ቀን ነው። ቁም ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ ሲያሰምር ከመሥመር እስከ መሥመር ሰፊ ስፍራ ይተዋል። የቃሉን ፊደል ደቀቅ አድርጎ አስቀድሞ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ምልክቱ፥ ከፊደሉም ይልቅ የደቀቀው፥ በተተወው ስፍራ ከቃሉ ራስ በላይ ይገባል። ድፋት፥ ሂደት፥ ቅናት፥ ይዘት፥ ቍርጥ፥ ጭረት፥ ርክርክ፥ ደረት የሚባሉት አሉ፤ ከእነርሱም ሌላ ከታወቀ ዜማ ቃል ተቈርጠው የተወሰዱ ፊደላት አሉ። የበዓሉና የቅዱሱ ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ ልጁ ቅጠሉን ሲገልጥ ዓይኑ ፈጥኖ የሚያርፈው በስሙ ላይ ነው። ይህን ሥርዓት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፥ ማለት ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳቆሙት ይተረካል። ከዚያ በፊት የቅዱስ ያሬድ ዜማ በቃል ብቻ ሲወርድ ሲዋረድ መጥቶ ነበር። እንግዲህ ሁለቱ አዛዦች ከሠሩት ሥራ እኩሌታው ምልክት መፍጠር ነው፤ እኩሌታው ግን ስፍራ መተው ነው።

ወጣቱ በዚህ እጅግ ተደሰተና ቸኰለ። ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒዩተር መዝገብ ውስጥ የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ገብቷል፤ ዐሥር የዜማ ምልክቶችም በ2005 እ.ኤ.አ. ተጨምረውለታል። ወጣቱ እነዚህን አገኘና ልጆች በቡሄ በሚያዜሙት በ«ሆያ ሆዬ» ግጥም ላይ፥ እዚህ ድፋት፥ እዚያ ርክርክ፥ በመሰለው ሰካካቸው። ለዓይን ድንቅ ነበር። በማግሥቱ ይዞ ወደ አጎቱ ሮጠ።

መምህሩ አንድ መሥመር ያህል በለሆሳስ ሊያዜሙት ሞክረው ተዉት።

«ይህን አውጣልኝ» አሉ።

«ለዓለማዊ ዘፈን አይገባም ብለው ነው፥ የኔታ?»

«እርሱም አለ። ነገር ግን ከእርሱ በፊት ውሸት ነው። ምልክት ከመምህር አፍ የሰማኸውን ያስታውስሃል እንጂ ያልሰማኸውን አያስተምርህም። ይህ ድፋት የማንን ዜማ ያስታውሳል? ማንም አልሰማውም። ልጆቹን በመልኩ ታታልላቸዋለህ።»

ወጣቱም በቀላሉ አልተረታም። የዚያ አገር ልጅ ነውና የአለቃ ገብረ ሐናን ታሪክ አነሣ። በፎገራ የተወለዱት አለቃ፥ በቀልዳቸው አገር ሁሉ የሚያውቃቸው፥ የጣናን ማዕበልና የሸምበቆውን መወዛወዝ አይተው አዲስ ዝማሜ ቢያወጡ የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም ይባላል። ልጃቸው ተክሌ ግን ያንኑ ተምሮ በደብረ ታቦር አስተማረውና እስከ ዛሬ «የተክሌ» ተብሎ በስሙ ይጠራል። «የዛሬው ነውር የነገ ሥርዓት ይሆን የለምን?» አላቸው።

መምህሩ ሣቁ። «አለቃ ዝማሜውን ለወጡ እንጂ ድጓውን አልለወጡም። ደግሞም ተክሌ ተምሮ ነው ያስተማረው፤ አንተ ጾመ ድጓውን ትተህ ከሄድህ ስንት ዓመትህ ነው?»

በዚህ ክርክር ረቺው ማን እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ። ምልክቱ ያልተማሩትን አያስተምርም ማለት እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ መምህር ያልሰማው የእረኛ ዋሽንትና የልጃገረድ ዘፈን በምን ይያዝ? መምህሩ ለዚህ መልስ አልሰጡም፤ አልተጠየቁምና ሊወቀሱ አይገባም። ወጣቱ ግን ወደ ቤቱ ተመልሶ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ሰረዘ። ሲሰርዝ ፊደሉ ወርዶ፥ ከላዩ የነበረው ስፍራ ባዶውን ቀረ። ሊዘጋው እጁን ዘረጋና ተወው።

መጽሔቱ መልኩን ያገኘው እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ የግጥም መሥመር በላይ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ባዶ ስፍራ ተተወ። ልጁ ዘፈኑን ከሚያውቅ ሰው አፍ ሰምቶ፥ ድምፁ የሚወጣበትን፥ የሚወርድበትን፥ የሚረገርግበትን በራሱ ምልክት እንዲጽፍበት ነው። ከግርጌውም «ከማን ሰማኸው?» የሚል አንድ መሥመር ተጨመረ። ስፍራ መተው ግን በነጻ አይገኝም። 11 የነበሩት ዘፈኖች አምስት ሆኑ። የሚገነጠለው ሥዕል ወጣ፤ እንቆቅልሹም ወጣ። የ1977ቱ ሐተታ በአንድ ዐምድ ተወስኖ ያለ ሥዕል ቀረ፤ በእርሱም ውስጥ የሽማግሌው ደብተራ ነገር ገባ። በሽፋኑ ላይ የአምስቱ ዘፈኖች ቃል የተቀዳላቸው ሰዎች ስም በሙሉ ተጻፈ፤ ሁለቱ አዝማሪዎች፥ አንድ እረኛ፥ አንዲት ባልቴትና የሠርግ አውራጅ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው።

ታናሽ እኅቱ አገላብጣ አየችና፥ «ይህ መጽሔት ነው ወይስ ደብተር?» አለች። የዚህ ነገር እውነትነት ዘለቀው። ጎረምሳ የሆነ ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ሌላ ትምህርት ቤት አይሻም። ስለዚህ «ሆያ ሆዬ»ን በሁለት ገጽ ላይ ዘርግቶ፥ የአውራጁን ቃል በትልቁ በግራ፥ የተቀባዮቹን በቀኝ አሰለፈ፤ ልጆቹ መጽሔቱን በመካከላቸው ዘርግተው በሁለት ወገን ቆመው እንዲቀባበሉበት ነው። ስሞቹን ሁሉ እንደ ድጓው በቀይ ሊያሳትም ፈለገ፤ ሁለተኛ ቀለም ግን ዋጋውን ያንረዋልና አቅም አልነበረውም። 40 ቅጂ በጥቁር ብቻ አስባዝቶ፥ ቀይ ብዕር ገዛና ስሞቹን በእጁ ያቀላ ጀመር። እናቱም ማታ ማታ አብራው ተቀመጠች። ጽሕፈትዋ ቀርፋፋ ነው፤ የእርሷ ስም ግን ከመሥመሩ ፈቀቅ አይልም፤ እርሱ ያቀላው እየቸኰለ ስለ ሆነ ይንጋደዳል።

በነሐሴ መጀመሪያ መጽሔቱ ለልጆች ታደለ። ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን፥ በደብረ ታቦር በዓል፥ ልጆች ዱላቸውን ይዘው በየደጁ እየዘፈኑ ሙልሙል የሚቀበሉበት ነውና ጊዜው የተመቸ ነበር። ከበዓሉ በኋላ ወጣቱ ከልጆቹ ጥቂቱን መልሶ ለማየት ለመነ። በባዶው ስፍራ የተጻፈው ልዩ ልዩ ነው። አንዱ እንደ ተራራ የሚወጣና የሚወርድ መሥመር ከዳር እስከ ዳር ስሏል። ሌላው ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ በነጥብ ለይቷል። አንዱም የሚወደውን የእግር ኳስ ቡድን ስም በየመሥመሩ ጽፏል፤ ለእርሱም ዜማው ይኸው ነው። ብዙዎቹ ምንም አልጻፉበትም። እኅቱ ምልክት አላደረገችም፤ «ከማን ሰማኸው?» የሚለውን ግን «ሰማሽው» ብላ አርማ፥ ከጎኑ የአያቷን ስም ከነአባቷ ጽፋለች።

አንድ ቅጂ ለመምህሩ ተሰጥቷቸው ነበር። ወጣቱ ሊጠይቃቸው በሄደ ጊዜ መጽሔቱ በድጓው ማኅደር ላይ ተቀምጦ አገኘው። ስለ ስፍራው አላመሰገኑትም፤ አልነቀፉትምም። ገጹን ገልጠው በ«ሆያ ሆዬ» ተቀባዮች ቃል ላይ ጣታቸውን አኖሩና፥ «በእኛ በበለሳ እንዲህ አይባልም» ብለው አንዲት ቃል አረሙ። ወጣቱ ወደ ቤቱ ሲመለስ ያልታደሉ ዘጠኝ ቅጂዎች ቀርተውት ነበር። እናቱን ቢጠይቃት የአጎቱ ቃል ልክ እንደ ሆነ ነገረችው፤ ማታም በመብራት ዘጠኙን ዘርግተው፥ ከተሳሳተው ቃል በላይ ባለው ባዶ ስፍራ ትክክለኛውን በቀይ ጻፉበት።